የመጀመሪያው ወተትና መንጠቆ ትሉ፦ የባሕር አንበሳ ደቦሎች ለምን ይታመማሉ?

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በእግር እየወረድን በአንበሳ ግቢ በር ስናልፍ ክኒኑ ትዝ አላት መሰለኝ፣ «አጎቴ፣ አንበሳም ትል ይይዘዋል?» አለችኝ። «አዎ፣ ይይዘዋል» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «የባሕር አንበሳስ?» አለች።

አሁንም «አዎ» አልኳት። ቆም አለች። «ባሕር ውስጥ እየኖረ ትሉ ከየት ይመጣበታል? እሱ እንደ እኛ በባዶ እግሩ ጭቃ አይረግጥ!»

ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል። ግን የተማሩ ሰዎችንም ከስድሳ ዓመት በላይ ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። መልሱ ሲገኝ ደግሞ ማንም ካሰበው ቦታ አልነበረም። አራት ኪሎ እስክንደርስ ነግሬ አልጨረስኩላትም። እዚህ ልጨርሰው።

የባሕር አንበሳ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ዓሣ አይደለም። አየር ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። አንበሳ ያስባለው የወንዱ ወፍራም አንገትና በላዩ ያለው ጸጉር፣ ደግሞም ግሳቱ ነው። ባለጸጉር ሲል የሚባለው እንስሳ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም የሚያድኑት ባሕር ውስጥ ነው። የሚወልዱት ግን የብስ ላይ ነው። በየዓመቱ የመውለጃ ወቅት ሲደርስ በሺዎች እየሆኑ አሸዋና ድንጋይ ላይ ይወጣሉ፣ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይወልዳሉ።

ይህን ያዙልኝ። ትሉ ያለ የብስ መኖር አይችልም።

የአንበሳ ልጅ በአማርኛ ደቦል ስለሆነ እኔም እነዚህን ደቦል እላቸዋለሁ።

መንጠቆ ትልስ?

በሌላ ፍጡር አካል ውስጥ ገብቶ፣ የዚያን ፍጡር ምግብ ወይም ደም እየወሰደ የሚኖር ፍጡር ጥገኛ ይባላል። እኛ አገር ወስፋትና ኮሶን የማያውቅ የለም። መንጠቆ ትል ከእነሱ ያንሳል። ርዝመቱ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የጭንቅላቱ ጫፍ እንደ መንጠቆ ጎበጥ ስለሚል ነው እንዲህ የተባለው። ትንሹ አንጀት ውስጥ ገብቶ የአንጀቱን ግድግዳ በአፉ ነክሶ ይይዝና ደም ይመጥጣል።

ሰው ላይ የሚገኙት መንጠቆ ትሎችና የባሕር አንበሳዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፣ ዝርያቸው ግን ይለያል። የእነዚህኞቹ የሳይንስ ስም ኡንሲናሪያ ነው። እሱም ከላቲን የመጣ ሆኖ ትርጉሙ ያው መንጠቆ ነው።

ታዲያ ደቦሎቹን እንዴት ያገኛቸዋል?

ታሪኩ የሚጀምረው አላስካ አጠገብ፣ ቤሪንግ ባሕር መካከል ባሉት የፕሪቢሎፍ ደሴቶች ነው። እዚያ እጅግ ብዙ ባለጸጉር ሲሎች ይወልዳሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ደቦሎቹ በብዛት እየሞቱ አስቸገሩ። ሆዳቸው ሲከፈት ትል ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1901 ቻርልስ ስታይልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥገኛ ትል ሊቅ ለትሉ ስም አወጣለት። ይኸው ሰው በዓመቱ፣ በ1902፣ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚያጠቃውን አንዱን የሰው መንጠቆ ትልም ሰይሟል።

በመጀመሪያ የተገመተው ማንም የሚገምተው ነው። ደቦሎቹ አሸዋ ላይ ይተኛሉ፣ አሸዋው ቆሻሻ ነው፣ ስለዚህ ትሉ ከአሸዋው ይገባባቸዋል። የሰውም መንጠቆ ትል እንዲያ ነው። የሰው ዓይነ ምድር የነካው አፈር ውስጥ እጩ ይፈለፈላል፣ በባዶ እግር ስንረግጠው ቆዳችንን ሰርስሮ ይገባል። እጭ ማለት ከእንቁላል የወጣ፣ ገና ያላደገ ትል ነው።

ግምቱ ግን ከሚታየው ነገር ጋር አልገጥም አለ። ያደጉ ትሎች የሚገኙት ትንንሽ ደቦሎች ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። እናቶቹ እዚያው አሸዋ ላይ ተኝተው ሆዳቸው ንጹህ ነው። ወንዶቹም እንዲሁ። ጥቂት ወራት የሞላቸው ደቦሎችም ትሉን ከጣሉ በኋላ እዚያው አሸዋ ላይ እየተንከባለሉ እንደገና አይያዙም። ከአሸዋው ቢሆን ኖሮ ሁሉም በተያዘ ነበር።

መልሱን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ዊልፎርድ ኦልሰንና ዩጂን ላየንስ ናቸው። እጩ የሚመጣው ከእናት ጡት ነው። ያውም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ወተት ብቻ።

ገጠር ዘመድ ያለው ሰው እንገርን ያውቃል። ላም እንደወለደች የሚታለበው ያ ወፍራም፣ ቢጫ ወተት። ለአዲስ ልጅ ከእሱ የሚበልጥ ምግብ የለም። ጉልበትም መከላከያም ነው። የባሕር አንበሳ ደቦልም የእናቱን እንገር ይጠባል። ትሉ የመረጠው መግቢያ ይህንኑ እንገር ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ለአዲስ ልጅ ከሁሉ የሚሻለው ነገርና ከሁሉ የሚከፋው ነገር በአንድ ጉርሻ ይገባሉ።

ዑደቱን ከመጀመሪያው እንከተለው። እጩ ወተቱ ጋር ደቦሉ ሆድ ይገባል። ትንሹ አንጀት ውስጥ ያድጋል። በሁለት ሳምንት ገደማ ሴቶቹ ትሎች እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። እንቁላሉ ከደቦሉ ዓይነ ምድር ጋር አሸዋው ላይ ይወድቃል። እዚያ እጭ ይሆናል። አሁን የሚጠብቀው የሚያልፍ እንስሳ ነው። ደቦልም ይሁን ትልቅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እንደ መቅዘፊያ ባለው እግሩ ሲረግጠው ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል።

ከቆዳ የገባው እጭ ግን ወደ አንጀት አይሄድም። ከቆዳ ሥር ያለው ጮማ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። አያድግም፣ ደም አይመጥጥም፣ የገባበትን እንስሳም አያሳምምም። ወንድ ውስጥ ከገባ ማምለጫ የለውም፣ እዚያው ይቀራል። ሴት ውስጥ ከገባ ግን ይጠብቃል። ዛሬ ትንሽ ደቦል የሆነች ሴት አድጋ እስክትወልድ ዓመታት ያልፋሉ። ስትወልድ እጩ ይነቃል፣ ወደ ጡቷ ይጓዛል፣ ከመጀመሪያው ወተት ጋር ይወጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያ በር ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ የምታጠባው ወተት ንጹህ ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ልክ ነበረች። ትሉ የሚመጣው ከባሕሩ አይደለም። ከአሸዋውም በቀጥታ አይደለም። አሸዋው ላይ የተረገጠው እጭ ሕመም የሚሆነው በሚቀጥለው ትውልድ ላይ ነው።

ይህ መንገድ ለባሕር እንስሳት ብቻ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። የውሻ መንጠቆ ትልም ከእናት ወደ ቡችላ በወተት ይተላለፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ የሚያሳድግ ሰው የእንስሳት ሐኪሙ ገና በሁለት ሳምንታቸው የትል መድኃኒት ስጣቸው ቢለው ምክንያቱ አንዱ ይሄ ነው። ጥጃንም የሚያጠቃ፣ ከላሟ በወተት የሚተላለፍ የወስፋት ዘመድ አለ።

ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ትል እንዴት ይገድላል?

ብቻውን አይገድልም። ደቦሉ ሲወለድ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ቢመዝን ነው። አንጀቱ ውስጥ ያሉት ትሎች ግን በመቶዎች ይቆጠራሉ፣ አንዳንዴ ከሺህ ያልፋሉ። እያንዳንዱ ጥቂት ይመጥጣል። ሲለቅና ቦታ ሲቀይር የነከሰው ቁስል መድማቱን ይቀጥላል። በየቤቱ አንድ ቧንቧ ጠብ ጠብ ቢል ማንም ልብ አይለውም። የመንደሩ ቧንቧ ሁሉ ሌት ተቀን ጠብ ካለ ግን ጋኑ ይጎድላል።

ደም ያነሰው ደቦል ድዱ ይነጣል፣ ይደክመዋል፣ መጥባት ይተዋል። እናቱ ከወለደች በኋላ አንድ ሳምንት ገደማ አጠገቡ ከቆየች ወዲያ ለማደን ወደ ባሕር እየሄደች ስለምትመለስ፣ በሄደችባቸው ቀናት የሚይዘው ጉልበት ያስፈልገዋል። ደም ያነሰው ያንን ጉልበት አያገኝም።

ሁለተኛው አደጋ ቁስሉ ነው። አንጀት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በተነከሰው ቦታ ወደ ደም ይገባል። ካሊፎርኒያ አጠገብ ባለችው ሳን ሚጌል ደሴት የሞቱ ደቦሎች ሲመረመሩ ይህ በግልጽ ታይቷል። እዚያ አንዳንዶቹ ትሎች አንጀቱን በስተው ወደ ሆድ ዕቃ ወጥተው ተገኝተዋል። ከኒውዚላንድ በስተደቡብ በምትገኘው ኤንደርቢ ደሴት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 የመውለጃ ወቅቶች ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ብዙ ደቦሎች ጨርሷል። በዚያችው ደሴት መንጠቆ ትሉም አለ። አንዱ ያደከመውን ሌላው ሲያገኘው ውጤቱ ከባድ ነው።

ሁሉም ከተያዘ ለምን ሁሉም አይሞትም?

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። መያዝና መታመም አንድ አይደሉም። በደቡብ አውስትራሊያ ባሉ ሁለት ትልልቅ የመራቢያ ቦታዎች የተመረመሩት አዲስ የተወለዱ የባሕር አንበሳ ደቦሎች በሙሉ ትሉ ተገኝቶባቸዋል። እዚያ ያለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2014 ስም ሲወጣለት «የደም» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ተሰጠው። ሆኖም ብዙዎቹ ደቦሎች ይተርፋሉ። የደቦሉ የመከላከያ ኃይል ሲጠነክር ትሎቹን እያላቀቀ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ጠራርጎ ያወጣቸዋል።

ልዩነቱን የሚያመጣው የትሉ ብዛት ነው፣ ያ ደግሞ በቦታው ይወሰናል። ፕሪቢሎፍ ላይ አሸዋማ በሆኑት የመውለጃ ቦታዎች ትሉ ከድንጋያማዎቹ ይልቅ ይበዛ ነበር። እጩ አሸዋ ይመቸዋል። መጨናነቅም አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሲሎቹ ቁጥር ከፍተኛ በነበረ ጊዜ መንጠቆ ትል ከደቦሎች ዋና ገዳዮች አንዱ ነበር። መንጋው እየቀነሰ ሲሄድ ትሉም አብሮ ቀነሰ። ትሉ ያው ነው። የተቀየረው አንድ ካሬ ሜትር አሸዋ ላይ ስንት እንስሳ እንደሚተኛ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የእናት መጥገብ ነው። ቺሊ ውስጥ ጓፎ ደሴት ላይ የደቡብ አሜሪካ ባለጸጉር ሲሎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ባሕሩ ሲሞቅ እናቶቹ ምግብ ፍለጋ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚጠፉ አይተዋል። ያኔ የደቦሎቹ ክብደት ያንሳል፣ የመከላከያ ኃይላቸውም ትሉን በጊዜው ለማስወጣት ይሳነዋል። በደንብ የጠባ ደቦል ያንኑ ትል ተሸክሞ ይድናል፣ የተራበው ግን ይሞታል። ይህ ነገር ሕፃናትን ለሚያክም ለማንኛውም ጤና ባለሙያ አዲስ አይደለም።

ሌሎች የባሕር ግልገሎችስ?

እነሱም የየራሳቸው ትል አላቸው፣ በሩ ግን ይለያያል። የሰሜኑ ዝሆን መሰል ሲል ግልገሎች ጡት ከጣሉ በኋላ ልባቸውንና የሳንባቸውን ደም ሥር የሚያጠቃ ትል ይይዛቸዋል። እሱ የሚመጣው ከሚበሉት ዓሣ ነው። ማደን ሲማሩ ትሉንም አብረው ይጎርሱታል።

የዶልፊኖቹ ይበልጥ ይገርማል። ገና በቀናት ዕድሜ የሞቱ፣ ሞተውም የተወለዱ ግልገሎች ሳንባ ውስጥ ትል ተገኝቷል። ሞቶ የተወለደ ግልገል ዓሣ አልበላም፣ ወተትም አልጠባም። እንግዲህ ትሉ የገባው ማኅፀን ውስጥ እያለ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ እስካሁን ከታወቁት የዚህ ዓይነት ድቡልቡል ትሎች ሁሉ ረጅሙ የተገኘው በአንዲት ዓሣ ነባሪ እንግዴ ልጅ ውስጥ ነው። ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነበር።

ይህ ሁሉ እኛን ይነካናል?

የባሕር አንበሳው መንጠቆ ትል በእነዚህ እንስሳት ደቦሎች ውስጥ ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው። ሰውን የሚያስቸግሩት ሌሎች ዝርያዎች ናቸው። ለእኛ ዋናው በር እግር ነው። መጸዳጃ ቤት፣ ጫማ፣ እጅ መታጠብ፣ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል፣ እነዚህ ናቸው ዑደቱን የሚቆርጡት። የውሻ መንጠቆ ትል እጭ ደግሞ የሰው ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚያሳክክ ቀይ መስመር ሊያወጣ ይችላል።

ይህን አንብባ ማጥባት የምትፈራ እናት እንዳትኖር ግን አደራ። ለሰው ልጅ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከእናት ጡት የሚበልጥ ምግብ የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው?

አይቨርሜክቲን። ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈውንና ዓይን የሚያጠፋውን ኦንኮሰርካ ለመከላከል በየቤቱ የሚታደለው ክኒን ነው። ከብት አርቢም ያውቀዋል። መነሻው ጃፓን ውስጥ ከአፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን ያገኘው ሳቶሺ ኦሙራና ትል ገዳይነቱን ያረጋገጠው ዊልያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

በሳን ሚጌልም በኤንደርቢም መድኃኒቱ የተሰጣቸው ደቦሎች ካልተሰጣቸው ይልቅ ክብደት ጨምረዋል፣ በሕይወትም ቆይተዋል። «ታዲያ ለሁሉም ይሰጥ» ማለት ግን አይቻልም። ቁጥሩ በመቶ ሺዎች የሆነ መንጋ ውስጥ ትሉ ከተፈጥሮ ሚዛን አንዱ ክፍል ነው፣ አዳርሶ ማከምም አይቻልም። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ የባሕር አንበሶች ግን ጥቂት ናቸው፣ የመጥፋት አደጋም አለባቸው። እነሱ ዘንድ አንድ ደቦል ማትረፍ ትርጉም አለው። እኔ ለእነዚህ መድኃኒቱ መሰጠቱን እደግፋለሁ። እናቶቹ ላይ ዓሣ የሚያጎድለውም፣ በመረብ የሚገድላቸውም ሰው ነውና።

እናቲቱን ለምን አያክሟትም?

አራት ኪሎ ስንደርስ የእህቴ ልጅ የጠየቀችኝ የመጨረሻ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምንጩ እናቲቱ ናትና። ግን ጮማ ውስጥ የተኛን እጭ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። መድኃኒቱ የሚበረታው አንጀት ውስጥ ደም በሚመጥጠው ትል ላይ ነው። እናቲቱም 100 ኪሎና ከዚያም በላይ ልትመዝን የምትችል፣ ሰው ሲጠጋት የምትናከስ ወይም ባሕር የምትገባ ናት።

ስለዚህ የሚታከመው ደቦሉ ነው፣ ያውም በጊዜ። ከዘገየ ትሉ ደሙን መጥጦት፣ እንቁላሉንም አሸዋው ላይ በትኖት ይቆያል። አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ያለ መርፌ፣ ቆዳው ላይ በማፍሰስ ሞክረው እንደ መርፌው እንደሚሠራ አረጋግጠዋል። እናቲቱ ለማደን ስትሄድ ደቦሉን ይይዙታል፣ ያፈሱለታል፣ ይለቁታል።

እናቲቱ ከባሕር ስትመለስ ከዳር ሆና ትጣራለች። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ደቦሉ ድምጿን ለይቶ ይመልስላታል። አግኝታው ታሸተዋለች፣ ጎኗ ይተኛል፣ መጥባት ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ወተቷ ውስጥ እጭ የለም።